ከመቶው አርባ አራቱ

በኖራ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከዘበኛው እስከ ሾፌሩ ሁሉም እትዬ ሚዛን ነው የሚላት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራችውም አንድ ሥራ ነው፤ ከድንጋይ ካባው የሚመጣውን የኖራ ድንጋይ መዝና ወደ እቶኑ ትሰዳለች፣ ተቃጥሎ የወጣውን ኖራ መዝና ወደ መጋዘን ትሰዳለች፣ ሁለቱንም መዝገብ ላይ ታሰፍራለች። ሲያወሩት ቀላል ነው። ሚዛኑ ግን ከዋናው በር አጠገብ ስለሆነ አቧራውም፣ ነፋሱም፣ የሾፌሮቹ ቀልድም መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

«እትዬ ሚዛን፣ ዛሬስ እኔን መዝኚኝ። ሚስቴ ከስተሃል ብላ ልቤን አወለቀችው።»

«ከነወሬህማ ሚዛኑ አይችልህም። ውረድና መኪናዋን ልመዝን።»

ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች፤ ብቻ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሳቋ ከጥርሷ አያልፍም።

ድካሟ የሚጀምረው ከሥራው በፊት ነው። የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን የቧንቧው ውሃ ከአንደኛው ፎቅ በላይ መውጣት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ገና ጎህ ሳይቀድ ሦስት ጀሪካን ውሃ ተራ በተራ ተሸክማ ትወጣለች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሁልጊዜ ትቆማለች። ጎረቤት ካያት «ቁልፌን እየፈለግሁ ነው» ትላለች፤ ቁልፉ ግን በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ነው። ከዚያ ባሏን ታጥበዋለች፣ ትራሱን ከፍ አድርጋ መስኮቱ ሥር ታስቀምጠዋለች፣ መድኃኒቱንና የሚጠጣውን እጁ በሚደርስበት ቦታ ትተዋለች። ባሏ የዚያው ፋብሪካ እቶን ኃላፊ ነበር። የኖራው አቧራ ደረቱ ውስጥ ቤቱን ሠርቶ ዛሬ ከአልጋ ወደ መስኮት መሄድ እንኳ ዳገት ሆኖበታል።

«ሂጂ እንግዲህ፣ እናት ዓለም» ይላታል በየጠዋቱ፤ በሁለቱ ቃላት መካከል አንድ ጊዜ አርፎ።

የኖራን ሥራ የማያውቅ ሰው የሚደነግጥበት አንድ ነገር አለ። መቶ ኩንታል ድንጋይ እቶን ይገባል፤ ሦስት ቀን ቆይቶ ሲወጣ ሃምሳ ስድስት ኩንታል ነው። አልተሸራረፈም፣ አልፈሰሰም። ድንጋዩ ቁመናው ያው ነው፤ ሲያነሱት ግን ባዶ ነገር ያነሱ ያህል ክንድ ወደ ላይ ከፍ ይላል። እሷም አዲስ በነበረች ጊዜ ሰው ሰረቀብኝ ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም ነበር። ያን ጊዜ ጉልበቱ ያልከዳው፣ ገና ባሏም ያልሆነው የእቶን ኃላፊ አንድ ትኩስ ኖራ በመቆንጠጫ ይዞ መጣና፣

«ድንጋይ እሳት ሲነካው ይተነፍሳል» አላት። «ከመቶው አርባ አራቱ ትንፋሽ ነው። እሱ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። አንቺ የሚቀርሽ ሃምሳ ስድስቱ ነው።»

እቶኑን የተከለው መሐንዲስ ይህንኑ በሚዛን ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል ጽፎት ነበር፦ ካልሲየም አርባ፣ ካርቦን አሥራ ሁለት፣ ኦክስጅን አሥራ ስድስት ሦስት ጊዜ፤ ድምሩ መቶ። እሳቱ አንዱን ካርቦንና ሁለቱን ኦክስጅን ይዞ ይወጣል፤ አሥራ ሁለትና ሠላሳ ሁለት፣ አርባ አራት። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመችው ልጅ ይህን ድምር ደግማ ደጋግማ ደምራው በጣም ወደደችው። በሌላው ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ የሚጎድል፣ የሆነ ቦታ የሚተርፍ ነበረ፤ ይሄ ግን ቁርጥ ብሎ ይገጥማል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መዝገቧ ሦስት ዓምድ ሆነ። «የገባ ድንጋይ»፣ «የወጣ ኖራ»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ትንፋሽ»። ማንም ምን ማለት ነው ብሏት አያውቅም። ግድግዳው ከጊዜ በኋላ ቀለም ያስፈልገዋል ተባለና በራሳቸው ኖራ ለቀለቁት፤ የመሐንዲሱ ጽሑፍም ከሥሩ ቀረ።

አዲሱ ተቆጣጣሪ የመጣው ከዱቄት ፋብሪካ ነበር። ወጣት ነው፣ ንጹሕ ነው፣ መነጽሩን በየደቂቃው ይጠርጋል፤ በዚያ ግቢ ውስጥ መጥረግ ደግሞ ማለቂያ የለውም። እቶን አንዳጁ ጢሶ ገና በመጀመሪያው ቀን «መነጽሩ» የሚል ስም አወጣለት። መነጽሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ዱቄት ቤት ውስጥ መቶ ኩንታል ስንዴ ገብቶ ዱቄቱና ፉርሽካው ተደምሮ ዘጠና ስምንት ከወጣ ሰው ይጠየቃል። እዚህ መዝገቡን ሲገልጥ ከመቶው አርባ አራቱን «ትንፋሽ» በልቶት አገኘ። ሦስት ቀን ቢሮውን ዘግቶ የኋላ መዝገቦችን ሲያገላብጥ ከረመ። ሰኞ ጠዋት አስጠራት።

«ይቀመጡ» አላት። አልተቀመጠችም፤ ከተቀመጠች መነሳቱ እንደሚከብዳት ታውቃለች።

«ይሄ ትንፋሽ የሚሉት ማነው?»

«ማነው?» ግር አላት። «ሰው አይደለም እኮ ጌታዬ። የድንጋዩ ነው።»

«የድንጋዩ ትንፋሽ።»

«አዎ።»

«እንግዲህ ከገባው ድንጋይ ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው በየዓመቱ ጠፍቷል። የት ገባ ስል ነፋስ በላው ሊሉኝ ነው?»

«አዎ» አለች በየዋህነት። «ነፋስ ነው የበላው።»

መነጽሩ ፌዝ መሰለው። ፊቱ ቀላ። መሳቢያውን ስቦ የተጻፈ ደብዳቤ ሰጣት። እሷ ለማንበብ ጊዜ ይፈጅባታል፤ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። «ከገባው ድንጋይ ላይ አርባ አራት በመቶ የሚሆን ጉድለት ‹ትንፋሽ› በሚል ስውር ቃል ሲመዘገብ መቆየቱ ስለተደረሰበት፣ እስከ ዓርብ ድረስ በቂ ማስረጃ ካላቀረቡ ከሥራ ተሰናብተው በስርቆት የሚጠየቁ መሆኑን…»

«ስርቆት» የሚለው ላይ ጣቷ ቆመ። ደመወዙ እንዳይቀርባት አልነበረም መጀመሪያ ያሰበችው። ሌባ ተብላ ያን ደረጃ ወጥታ፣ መስኮቱ ሥር ለተቀመጠው ሰው ምን እንደምትለው ነው ያሰበችው። «ትንፋሽ» የሚለውን ቃል የሰጣት እሱ ነበር።

«ፈትኑት» አለች። «ዛሬ እቶን ይጫናል። አሥር ኪሎ ድንጋይ እርስዎ ራስዎ መዝነው በሽቦ ቅርጫት ያስገቡ። ሐሙስ ሲወጣ እርስዎ ራስዎ ይመዝኑት። አምስት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ካልመጣ ያባሩኝ።»

መነጽሩ አሰብ አደረገና «ይሁን» አለ።

አሥሩን ኪሎ በትንሹ ሚዛን አብረው መዘኑ። ቅርጫቱን ጢሶ ተቀብሎ እንደ ሕፃን አቅፎ ከድንጋዩ መሀል አስቀመጠው። «አይዞሽ እትዬ፤ ይሄ እቶን በእኔና በአንቺ ላይ ይመሰክራል? ሞቼ እገኛለሁ!» አላት። ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ወትሮዋ መዘነች፣ ጻፈች፣ ቀለደች። ዓምዱ ላይ «ትንፋሽ» የሚለውን ስትጽፍ ግን እውነትም የተደበቀ ነገር ያለበት ቃል መሰላት። ቤቷ ስትገባ ደብዳቤውን ከጡት መያዣዋ አውጥታ ጫማዋ ውስጥ ትከታለች። ባሏ ምን ሆነሻል ሲላት «ወገቤን ነው» ትለዋለች።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ቅርጫቱ ወጣ። የሽቦውን ክብደት ቀንሰው መዘኑት። መነጽሩ ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ የዓይኑን መነጽር ጠርጎ ደግሞ አነበበ።

«ስድስት ኪሎ ከአንድ መቶ።»

ጢሶ አፉን በእጁ ያዘ። እሷ ሚዛኑን ነካ አደረገችው፣ አወረደችው፣ ባዶውን አየችው፤ ዜሮ ነው። መልሳ ጫነችው። ስድስት ከአንድ መቶ።

«እርስዎ አምስት ከስድስት መቶ ብለው ነው የሚጽፉት» አለ መነጽሩ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻላት ነበር። «ስለዚህ ከየመቶው አምስት ኩንታል ኖራ በእርስዎ ‹ትንፋሽ› ሲወጣ ኖሯል። ጥያቄው ወዴት ነው የሚለው ነው እንግዲህ።»

ኖራው ውሃ አዘል አየር እንዳይጠጣ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ተደረገ፣ መነጽሩ ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፎ ፈረመበት። «ስንብቱ ነገ ጠዋት ይፈጸማል» አለ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱን እንዴት እንደሄደች አታውቀውም። እግሯ ብቻ ነው የሚያውቀው። የከበዳት ክሱ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ተሳስቼ ይሆን? የሚለው ነው። አንድ ነገር አውቃለሁ ብላ ነበር፤ ከሰው ሁሉ አንሳ፣ ከሁሉ ኋላ ቆማ፣ አንዲት ነገር ግን ቁርጥ አድርጋ ታውቅ ነበር። ያቺም ከሸሸቻት ምን ቀራት? ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ቆመች፤ ቁልፍ ፍለጋ የሚል ሰበብም አልመጣላትም።

ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። ባሏ መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው። ፊቷን አየና ምንም አልጠየቃትም። ይህ ነው ሁልጊዜ የሚያሸንፋት። ጎኑ ተቀመጠችና መስኮቱን እያየች፣

«እኔ ምልህ» አለችው፤ «የወጣ ኖራ ከሃምሳ ስድስት በላይ ሊመዝን ይችላል?»

«ስንት መዘነ?»

«ስልሳ አንድ።»

ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሏት ነበር። «ሆዱ… ጥሬ ነው» አለ። አረፈ። «እሳት አልጠገበም። ላዩ ተቃጥሎ… ውስጡ ድንጋይ የቀረ ነው። ያልተነፈሰ።»

«በምን ይታወቃል?»

«ውሃ ስጪው። የተቃጠለው… ይፈርሳል። ጥሬው…» እጁን አንሥቶ ጨበጠ፤ ድንጋይ ማለቱ ነው። ከዚያ ረጅም ጊዜ ሳለ። ጀርባውን ስትይዝለት ቆየችና ሲበርድለት፣

«ማነው የጠየቀሽ?» አላት።

«አዲሱ ተቆጣጣሪ።»

«ሞኝ ነው?»

«አይ፤ የዱቄት ሰው ነው።»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተመለሰ። እሷ ግን ከአራት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል አፏ ላይ ጣማት።

ዓርብ ጠዋት መነጽሩ የስንብቱን ደብዳቤ አዘጋጅቶ ነበር። እሷን ግን ቢሮው ውስጥ ሳይሆን እቶኑ ጎን ቆማ አገኛት፤ ግማሽ በርሜል፣ ሁለት ባልዲ ውሃና ወንፊት ይዛ። «ጣሳውን ያምጡልኝ» አለችው። «ፊርማዎን እርስዎ ይቅደዱት።»

«ለምን?»

«ዓርብ ገና አላለቀም ብዬ ነው።»

ኖራውን በርሜሉ ውስጥ ገለበጡት፤ ውሃውን ቀስ እያለች አፈሰሰችበት። መጀመሪያ ምንም የሆነ ነገር የለም። ከዚያ ድንጋዩ ተንጣጣ፣ ተሰነጣጠቀ፣ እንፋሎት ጎረፈ፣ በርሜሉ ያለ እሳት ፈላ። መነጽሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ዘለለ፤ የዓይኑ መነጽር በእንፋሎት ታወረ። ጢሶ «አይዞህ፣ አይነክስም!» ብሎ ተንከተከተ። እሷ በረጅም እንጨት ታማስላለች፤ ድንጋይ የነበረው ሁሉ እንደ ወተት ነጭ ሆነ። ሲበርድ በወንፊት አጠለለችው። ወንፊቱ ላይ ግራጫ ድንጋዮች ቀሩ፤ አንዳንዶቹ ጡጫ፣ አንዳንዶቹ እንቁላል የሚያካክሉ። በውሃ አለቀለቀቻቸው፣ እቶኑ ጣሪያ ላይ ባለው የጋለ ብረት ላይ ዘርግታ እስኪደርቁ ጠበቀች። እሷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ አሁን መነሳት ቢያቅታትም ግድ አልሰጣትም።

መዘኑ። አንድ ኪሎ ከአንድ መቶ።

«ይሄ ያልተቃጠለ ነው» አለች። «እንደገባ የወጣ ድንጋይ ነው። ኖራ አይደለም። እና ልጄ፣ ከሁለቱም ቀንሰው። ከገባው አሥር ኪሎ ላይ።»

«ስምንት ከዘጠኝ መቶ።»

«ይሄ ነው በእውነት የተቃጠለው ድንጋይ። ከወጣውም ቀንስ።»

«ከስድስት ከመቶ… አምስት ኪሎ።»

«ይሄ ነው በእውነት የወጣው ኖራ። አሁን አካፍለው።»

መነጽሩ ካልኩሌተሩን አወጣ። አምስትን ለስምንት ነጥብ ዘጠኝ አካፈለ። አየው። አጠፋውና እንደገና አካፈለ። ሦስተኛ ጊዜ በብዕር፣ በደብዳቤው ጀርባ ላይ፣ በእጁ ሠራው፤ የስንብት ደብዳቤው መሆኑን ልብ አላለም።

«ዜሮ ነጥብ አምስት ስድስት» አለ ቀስ ብሎ። «ከመቶ… ሃምሳ ስድስት።»

«ቀሪውስ?»

«አርባ… አርባ አራት።» ቀና ብሎ የጭስ ማውጫውን አየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየው ሁሉ። «እና ይሄ ሁሉ ዓመት… በዚያ ነው የወጣው?»

«በዚያ ነው።»

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። «ቆይ፤ ለምንድነው ጥሬ የቀረው? ድሮ እንዲህ አይቀርም ነበር ማለት ነው?»

ጢሶ ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ እቶኑ በር ሄደና በሚስማር የተሰቀለ ወረቀት ነቅሎ አመጣ። ከሰል ለመቆጠብ ሲባል ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እሳቱ ከስልሳ ሰዓት ወደ ሃምሳ ሰዓት እንዲቀነስ ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ። መነጽሩ ፊርማውን አወቀው፤ የራሱ ነው።

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው እሷ ጢሶን።

«ረስቼው ነዋ እትዬ! በሞቴ ረስቼው ነው። ደግሞ ሃምሳ ሲሉኝ ሃምሳ አነደድኩ፤ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?»

መነጽሩ አልተቆጣም። «ወደ ቢሮ እንሂድ» አላት። እዚያ ሲደርሱ ተቀምጦ ጻፈና ሰጣት። በጣቷ ተከትላ አነበበች። «ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈጸመ በመሆኑ በይቅርታ ታልፏል።»

«ምን አድርጌ ነው ይቅር የተባልኩት?» አለች።

«የተለመደ አጻጻፍ ነው እኮ…»

«ቀይረው።»

ሁለተኛውን ጻፈ። «ጉዳዩ በማስረጃ እጥረት ተዘግቷል።»

«ማስረጃውማ በርሜል ሙሉ አለልህ» አለች። ተቆጥታ አይደለም፤ ለቁጣ የሚሆን ጉልበት አልነበራትም። ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች፤ እንደማትነሳ ሁለቱም ገባቸው። «ልጄ፣ እኔ ጡረታዬ ቀርቧል። ይሄ ወረቀት ከእኔ በኋላ ይቀመጣል። ሰው ሲያነብበው ምን አደረገች ብሎ እንዳያስብ አድርገህ ጻፍልኝ።»

መነጽሩ ብዙ ጊዜ ወሰደ። እሷ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ብዕሩ ሲንፏቀቅ፣ ሲቆም፣ ሲሰርዝ ትሰማ ነበር። መጨረሻ ላይ ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። «የተመዘገበው ሁሉ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። የቀረበው ክስ ሥራውን ካለማወቅ የመጣ የተቆጣጣሪው ስህተት ነው። ሠራተኛዋ ምንም ጥፋት የለባትም።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ፈርምበት። አንድ ቅጂ ደግሞ ለእኔ።»

ፈረመ፣ ማኅተም አደረገበት። ከውጭ የካባው መኪና ክላክስ ማሰማት ጀምሯል፤ የሚመዝን ሰው ፍለጋ። እሷ ቅጂውን አጥፋ ተነሳች፣ ጠረጴዛውን ይዛ ለአንድ አፍታ ቆመች።

«ዛሬ ቀሪ ብለህ መዝግበኝ» አለችው። «ደክሞኛል።»

«ታመሙ እንዴ?»

«አይ። ደክሞኛል ነው ያልኩህ።»

መኪናው አሁንም ይጮሃል። መነጽሩ ወደ በሩ አየ፣ ወደ እሷ አየ፤ ከዚያ ኮቱን ወንበሩ ላይ ትቶ እጅጌውን ሰብስቦ እየሮጠ ወጣ። እሷ በሩን አልፋ ወደ መንገዱ ስትታጠፍ ከኋላዋ «ይሄ ብረት ወዴት ነው የሚገፋው?» እያለ ሲጠይቅ ሰማችው። ጢሶ ጮክ ብሎ ነገረው። ሾፌሩ የሆነ ቀልድ ጣለ፣ ሰዎች ሳቁ። እሷ አልዞረችም።